ከሾንኬ እስከ ጅዳ፤ ባሕር ማዶ ያደጉ ልጆችና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ታሪክ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ወደ ቦርከና ሸለቆ ሲዘልቅ ከሚሴን ያገኛል። ከተማይቱ በአማራ ክልል ውስጥ የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። ዞኑ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋንና ደዋ ሐረዋን የመሳሰሉትን ወረዳዎች የያዘ ሲሆን፣ በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ያዋስነዋል። የባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛውንና ቆለኛውን ከጥንት ጀምሮ ሲያገናኝ የኖረውም በዚሁ አቀማመጥ ምክንያት ነው።

የዚህ አገር ሰው ባሕር ማዶን የሚያውቀው በወሬ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ሐጂውና የሃይማኖት ተማሪው፣ በኋላም ነጋዴው፣ በዘመናችን ደግሞ ሥራ ፈላጊው ወጣት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ዳርቻ፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ሲሄድ ኖሯል። የሄደ ሁሉ ብቻውን አልኖረም፤ ያገባም አለ፣ የወለደም አለ። የተወለደውም ልጅ አድጎ፣ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ፣ «ዩኒቨርሲቲ የምገባው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድሜ ላይ ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ጥያቄ ነው። በውጭ አገር ያደገ ልጅ በወላጆቹ አገር ለከፍተኛ ትምህርት ሲያመለክት ሁለት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅበታል። አንደኛው የማን ልጅ መሆኑን ነው፤ ሁለተኛው ምን ያህል የተማረ መሆኑን ነው። በአጭሩ የዜግነት ወረቀትና የትምህርት ወረቀት ልንላቸው እንችላለን። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ስንመለከተው አገራችን የመጀመሪያውን ወረቀት በተመለከተ ብዙ ስታስብና ሕግ ስታወጣ የቆየች ስትሆን፣ ሁለተኛውን ግን በቂ አሳቢ ሳታገኝለት ቀርታለች። የዚህም ጉድለት ሸክም የሚያርፈው ሁለት ፓስፖርት በያዘው ልጅ ላይ ሳይሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ ዜግነት በሌለው ልጅ ላይ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ።

በሁለቱ ዳርቻዎች የታወቀ ወረቀት

ከሚሴ አጠገብ፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ከኮረብታ ላይ የተቀመጠች ሾንኬ የምትባል የአርጎባ መንደር አለች። በድንጋይ ቤቶቿ የታወቀችው ይህች መንደር ከዚያ ይልቅ የምትከበረው የትምህርት ማዕከል በመሆኗ ነው። በ1929 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት የሾንኬው ሼህ ጀውሀር ብን ሐይደር በወሎ ስመ ጥር ከሆኑት ዑለማእ አንዱ ነበሩ። በእንዲህ ያሉ ማዕከሎች የተማረ ደረሳ ትምህርቱን ለማስፋት ሲፈልግ በአገር ውስጥ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል፤ አቅሙ የፈቀደለትም ወደ የመን፣ ወደ መካና መዲና ወይም ወደ ካይሮ ይሻገራል።

በዚያ ሥርዓት ተማሪው ይዞት የሚሄደው ወረቀት ኢጃዛ ይባል ነበር። ኢጃዛ አንድ መምህር «ይህ ሰው ይህንን መጽሐፍ ከእኔ ዘንድ ተምሯል፤ ሊያስተምረውም ይችላል» ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ሲሆን፣ የመምህሩን መምህር፣ የዚያንም መምህር እየጠቀሰ ወደ ላይ ይዘልቃል። የወረቀቱ ዋጋ በማኅተሙ ሳይሆን በዚህ የስም ሰንሰለት ላይ የቆመ ነበር። ሰንሰለቱን የሚያውቅ ሰው በየትኛውም የባሕር ዳርቻ ይኑር፣ የያዡን የዕውቀት ደረጃ መገመት ይችላል። በመሆኑም በወሎ ተራራ ላይ የተጻፈ ኢጃዛ የመን ላይ ይነበባል፤ የመን ላይ የተጻፈውም ወሎ ላይ ይከበራል።

የትውልድ ጉዳይም ቢሆን የራሱ ስፍራ ነበረው። በካይሮ በአል አዝሃር ከአፍሪካ ቀንድ ለሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ የጀበርቲዎች ማደሪያ ነበር። የማደሪያው አለቅነት ለብዙ ትውልድ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ሲሆን፣ የግብፅ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ የሆነው ዓብዱራሕማን አል ጀበርቲ የወጣው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 ፈረንሳዮች ግብፅን ሲወሩ ያየውን የመዘገበው ይህ ሰው ካይሮ ተወልዶ ካይሮ ያደገ ነው። የአባቶቹ አባቶች ከጀበርት ምድር ከመጡ ትውልዶች ያለፉ ቢሆንም፣ እርሱና ቤተሰቡ በአባቶቻቸው አገር ስም መጠራታቸውን አልተዉም። እንግዲህ በዚያ ዘመን ትውልዱ በማደሪያው፣ ዕውቀቱ በኢጃዛው ይታወቅ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አያደናቅፍም።

ዕውቀቱ የታወቀ፣ ትውልዱ የጠፋ

ዘመኑ ሲለወጥ ከመምህር ቃል ይልቅ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ማኅተም የሚጠየቅበት ሥርዓት መጣ። ባዕድ አገር አድገው በአዲሱ ሥርዓት ከተማሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በቀዳሚነት የሚነሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገብተው ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም አደጉ፤ በላሆር ከተማ ሕክምና ተማሩ፤ በበርማም አገልግለዋል። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ የሕክምና ምስክር ወረቀታቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። ያልታወቀው የማን ልጅ መሆናቸው ነበር፤ እርሱንም ያረጋገጡት በሰውነታቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ ያስታወሱ አያታቸው እንደሆኑ በታሪካቸው ተመዝግቧል።

ሐኪም ወርቅነህ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል፤ በጣልያን ወረራም ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ወረራው ሲመጣ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ከቆዩ በኋላ፣ በግራዚያኒ ላይ የቦምብ ጥቃት የተጣለበትን የየካቲት 1929 ዓ.ም. ቀን ተከትሎ በተፈጸመው ግድያ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለእኛ ለመሐንዲሶች እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች የሙያችን ቀደምት ናቸውና ስማቸው ሊረሳ አይገባም።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። ሐኪም ወርቅነህ የትምህርት ወረቀታቸው የጸና፣ የትውልድ ማስረጃቸው ግን ጠፍቶ የነበረ ሰው ናቸው። የዛሬው የባሕር ማዶ ልጅ ችግር የዚህ ተቃራኒ መሆኑን ወደፊት እናያለን።

የ1922 ዓ.ም. ሕግና የ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ በመጀመሪያው አንቀጹ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደነገገ። ከድብልቅ ጋብቻ ስለሚወለዱ ልጆችም ዝርዝር አንቀጾች አስከተለ። የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጣ፣ ተመልሶ በአገሩ ከተቀመጠና ካመለከተ ግን ሊያገኘው እንደሚችልም አመለከተ። ኢትዮጵያዊ ለመሆን የሚያመለክት የውጭ አገር ሰው ደግሞ አምስት ዓመት በአገሩ መኖርና አማርኛን አጥርቶ ማወቅ ይጠበቅበት ነበር። ሁለት ዜግነት አጣምሮ መያዝ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በሕጋችን ስፍራ የለውም ማለት ነው።

ይህ ሕግ ሲወጣ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ የምህንድስና ኮሌጅ ተከተለው፤ ኮሌጆቹም በ1954 ዓ.ም. ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በዚያ የመጀመሪያ ዘመን እንደ ኮተቤና ጄኔራል ዊንጌት ባሉ ትምህርት ቤቶች ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የለንደንን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ይፈተኑ ነበር። የአገሩ የመልቀቂያ ፈተና ሥር እየሰደደ ከሄደ በኋላ አማርኛ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ከዋናዎቹ የፈተና ትምህርቶች አንዱ ሆነ።

በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል ለመስጠት ቃል ገባች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጥተው ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ተማሩ። ብዙዎቹ የመጡት የእንግሊዝ ፈተና ከሚሰጥባቸው አገሮች ስለ ነበር ኮሌጁ ወረቀታቸውን ለመመዘን አልተቸገረም፤ ሚዛኑን ከራሱ ተማሪዎች ያውቀዋልና። ይህ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ዜግነታቸው ባዕድ የሆነ ተማሪዎች በሩን ያለ ችግር ያለፉት የትምህርት ወረቀታቸው በሩ ላይ ካለው መለኪያ ጋር አስቀድሞ የተገናዘበ በመሆኑ ነው።

ስደትና ሁለቱ አዋጆች

እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ወደ ውጭ የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ አነስተኛ ሲሆን፣ አብዛኛውም ተምሮ የሚመለስ ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ ግን መሄድ እንጂ መመለስ እየቀረ መጣ። ከፊሉ በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሲያመራ፣ ከፊሉ ወደ ዓረብ አገሮች ተሻገረ። በኢትዮጵያ ከተሞች ሲነግዱ የኖሩ የመናውያንም ንብረት ከተወረሰ በኋላ ኢትዮጵያዊት እናት ያሏቸውን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ የመን ገቡ፤ እነዚህ ልጆች በዚያ «ሙወለድ» እየተባሉ በአባታቸው አገር እንደ እንግዳ ሲታዩ ኖረዋል።

በዚህ ሁኔታ የልጆቹ ዕጣ በተወለዱበት አገር ሕግ ተለያየ። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ልጅ በዚያ አገር ሕገ መንግሥት መሠረት ወዲያውኑ አሜሪካዊ ይሆናል። በሳውዲ ዓረቢያ ምድር መወለድ ግን ብቻውን ዜግነት አያሰጥም። የዋሽንግተኑ ልጅ የሁለት አገር ሰው ሆኖ ሲያድግ የጅዳው ልጅ በመኖሪያ ፈቃድ ያለ እንግዳ ሆኖ ያድጋል፤ ያለውም ዜግነት የኢትዮጵያ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በመጀመሪያ ያሰበው ለዋሽንግተኑ ልጅ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ አገር ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በትውልድ አገራቸው ልዩ ልዩ መብቶች ሰጠ። የኤርትራን ዜግነት ከያዙት በስተቀር ራሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን መታወቂያ ይይዛል። ካርዱ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ያስገኛል፤ በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር አገልግሎቶች ረገድ በውጭ ዜጎች ላይ የሚጣሉ ገደቦችም አይመለከቱትም። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ግን አይፈቀድለትም።

ቀጥሎ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የ1922ን ሕግ ተካ። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው የሚለው መሠረት ጸንቶ ቀጠለ። ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው የሚፈለገው የቋንቋ ችሎታም ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ሆነ፤ በዚህ ረገድ የከሚሴው ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል ይቆጠራል።

ይኸው አዋጅ በውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ሁለተኛ ዜግነት ስላገኘ ልጅ የሚለው አለ። ልጁ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጠራል። አካለ መጠን በሕጋችን 18 ዓመት ነው። 18 ዓመት ደግሞ አብዛኛው ልጅ 12ኛ ክፍልን የሚጨርስበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክትበት ዓመትና የዜግነት ምርጫ የሚያደርግበት ዓመት አንድ ላይ ይወድቃሉ። ወላጆች ይህንን ባለማወቃቸው ምርጫው ሳይመረጥ፣ በዝምታ ሊያልፍ ይችላል። ያም ሆኖ ይህ ልጅ ኢትዮጵያዊነቱን ቢያጣ እንኳ ቢጫ ካርዱ ይቀረዋል፤ የአሜሪካም ዩኒቨርሲቲ አለው። ከዚህ የሚከብደው የሌላኛው ልጅ ጉዳይ ነው።

የጅዳው ልጅ

እንበልና ከከሚሴ ወጣ ብላ ከምትገኝ አንዲት ቀበሌ የሄዱ ባልና ሚስት ጅዳ ላይ ልጅ ወለዱ። ልጁ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ይናገራል፤ መንገድ ላይ ዓረብኛ ይናገራል፤ አማርኛን ይሰማል እንጂ አያነብም። ወላጆቹ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ካላቸው ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከሌላቸው ግን በመደበኛ ትምህርት ቤት መመዝገቡ እጅግ አዳጋች ነው። ከገባም ትምህርቱ እንደ ትምህርት ቤቱ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይሆናል።

በዚህ ላይ የአገሩ ሁኔታ በድንገት ይለወጣል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳውዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2009 ዓ.ም. ሁለተኛው ዘመቻ ተከተለ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሕጋዊ ፈቃድ ባላቸው የውጭ ሠራተኞችም ላይ ስለ እያንዳንዱ ጥገኛ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል የሚከፈል ግብር ተጣለ፤ ግብሩም በየዓመቱ እየጨመረ በ2012 ዓ.ም. ወር በገባ ቁጥር 400 ሪያል ደረሰ። ሦስት ልጆችና ሚስት ያለው ሠራተኛ በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የውጭ አገር አባቶች ራሳቸው እዚያው ቀርተው ቤተሰባቸውን ወደየአገራቸው ሸኙ። ከሚሴም የእነዚህ ልጆች መመለሻ ከሆኑት የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት።

ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ዜግነቱን የሚጠራጠር ሕግም ሆነ ሹም የለም። ሆኖም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚመደብላቸው በብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት መሠረት ነው። ያንን ፈተና ያልተፈተነ ልጅ በምደባው መዝገብ ውስጥ ስም የለውም። ያለው ምርጫ የውጭ አገር ወረቀቱን አቅርቦ የአቻ ግምት ማሠራት፣ አለዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ አገር ውስጥ ተምሮ ፈተናውን መፈተን ነው።

የአቻ ግምቱ መንገድ ወረቀት ይጠይቃል፤ የየዓመቱ ውጤት፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም፣ የአገሩ መንግሥትና የኤምባሲው ማረጋገጫ። በሥርዓት ዕቃውን ጠቅልሎ የመጣ ቤተሰብ ይህንን ሊያሟላ ይችላል። ከማቆያ ጣቢያ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን የተጫነ ቤተሰብ ግን ይዞት የሚመጣው የለበሰውን ልብስ ነው። የቀረውን ወረቀት ተመልሶ ለማስመጣት የሚያስችል ቪዛም የለውም።

የፈተናውም መንገድ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊው ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ውጤቱ ምን ያህል እንደ ከበደ የምናስታውሰው ነው፤ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3.3 ብቻ ነበሩ። አገር ውስጥ በሥርዓቱ ተምረው ያደጉት እንዲህ ከሆኑ፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ መጽሐፍ ተምሮ በመጨረሻው ዓመት የገባው ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የመለኪያ ጉዳይ

ይህንን ነገር በሙያችን ዓይን ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የእንግሊዝ ደረጃ የቧንቧ ጥርስ የ55 ዲግሪ ማዕዘን ሲኖረው፣ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክለኛ ናቸው፤ ሁለቱም ውሃ ያለ እንከን ያስተላልፋሉ። አንዱን በሌላው ላይ በግድ ያጠበቀ ሰው ግን ዛሬ የገጠመለት ቢመስለው ነገ ያፈሳል። ልባም ባለሙያ ቧንቧውን አይጥልም፤ በአንድ ወገን የዚያን፣ በሌላው ወገን የዚህን ጥርስ የያዘ መጋጠሚያ ይፈልጋል።

በትምህርትም ነገሩ ይኸው ነው። በአንዳንድ የዓረብ አገሮች የሒሳብ ቀመር ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ እኛ «ኤክስ» የምንለው ያልታወቀ ቁጥር በዓረብኛው «ሲን» ፊደል ይወከላል፤ አኃዞቹም ሌሎች ናቸው። በዚህ መንገድ የሁለተኛ ዲግሪ ቀመርን አጥርቶ የሚፈታ ልጅ የእኛን የፈተና ወረቀት ቢሰጡት ጥያቄውን ማንበብ ላይ ይደናቀፋል። ወደቀ የሚባለው ሒሳብ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ዕውቀቱ የተጻፈበት ፊደልና የእኛ መለኪያ ሳይገናኙ ቀርተው ነው። በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ የሚሰጥ መሆኑ ለታናናሾቹ ታላቅ እርዳታ ነው፤ በቤት ቋንቋቸው ይገባሉና። የሁለተኛ ደረጃው ልጅ ግን በቀጥታ ከዓረብኛ ወደ እንግሊዝኛ መሻገር ይኖርበታል።

በኢጃዛው ዘመን መጋጠሚያው የመምህራኑ የስም ሰንሰለት ነበር። በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ፈተና ነበር። ለጅዳው ልጅ የሚሆን መጋጠሚያ ግን እስካሁን በተደራጀ መልክ አልተሠራም። ዜግነቱን የጻፉለት ሕግ አውጪዎች ሁለት ጊዜ ተሰብስበዋል፤ የትምህርቱን ወረቀት የሚያነብለት አንድ ጠረጴዛ ግን በአካባቢው አላገኘም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከተው ታሪክ ሦስት ነገሮችን የሚያመለክት ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ወላጆች አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል። ባሕር ማዶ የተወለደ ልጅ ልደቱ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይመዝገብ፤ የየዓመቱ የትምህርት ውጤት በዓመቱ ይረጋገጥ፤ ቅጂውም አገር ቤት ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ሁለት ዜግነት ያለው ልጅ ከሆነም የ18ኛው ዓመት ምርጫ እንዳለ ይታወቅ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ በከሚሴም ሆነ በባቲ በመስጊድና በዕድር ሊነገር የሚችል ነው።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን በግርግር ያጣ ልጅ በወረቀቱ ሳይሆን በዕውቀቱ የሚመዘንበት መንገድ ይኑር። መንግሥት ዝቅተኛ ውጤት ላመጡ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች መስጠት ጀምሯል። ይህ ልማድ ካለ፣ ለተመላሽ ልጆች የአንድ ዓመት የመሸጋገሪያ ትምህርት ማዘጋጀት አዲስ ነገር መፍጠር አይሆንም። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም የኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከከሚሴ በስተ ሰሜን በዚያው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኝ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ነው። ከእኛ መካከል በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ ዓረብኛ የሚያውቁ፣ በዓረብ አገሮች ፕሮጀክቶች ላይ የሠሩ ባልደረቦች ጥቂት አይደሉም። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቃላትንና ምልክቶችን በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ጎን ለጎን የያዘ አነስተኛ መጽሐፍ ማዘጋጀት ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከመቶ ገጽ አይበልጥም። ሕግ አያስለውጥም፤ ትልቅ በጀትም አይጠይቅም። ነገር ግን ከቀኝ ወደ ግራ ቀመር መጻፍ የለመደ አንድ ወጣት በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ጥያቄውን ሲያይ የሚያውቀው ነገር መሆኑን እንዲያውቅ ያደርገዋል። የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ይህንን ሐሳብ ተመልክቶ የሥራ ክፍል እንዲሰይምለት በአክብሮት አሳስባለሁ።